ከሽልማቱ በፊት ቀብድ ክፈሉ

ለ፦ የወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ውድድር አዘጋጆች፣ ስፖንሰሮችና ዳኞች
ግልባጭ፦ ለወላጆች
ጉዳዩ፦ ከ18 ዓመት በታች ላሉ ጀማሪ ነጋዴዎች የሚሰጠውን ገንዘብ ይመለከታል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በቅድሚያ አመሰግናለሁ። አንድ ታዳጊ "ሥራ ልጀምር ነው" ሲል ጆሮ የሚሰጠው ሰው ብዙ አይደለም። ባንክ ቤቱ "18 ሲሞላህ ና" ይለዋል። ጎረቤቱ "አርፈህ ተማር" ይለዋል። እናንተ ግን አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ማይክ አስይዛችሁ ታዳምጡታላችሁ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ጥያቄ ልጁ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት ፎቶ ስለሚነሳው ስለዚያ ትልቅ የካርቶን ቼክ።

ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ነው። የትንንሽ ንግዶችን ገቢና ወጪ እይዛለሁ። በዚሁ ሙያዬ እንዲህ ባሉ ውድድሮች ላይ በዳኝነት ተጋብዤ ተቀምጫለሁ። ከውድድሩ በኋላም የአንዳንዶቹን ልጆች ደብተር የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ለጀማሪ ታዳጊ የሚበጀው የመጀመሪያ ገንዘብ ገዢው አስቀድሞ የሚከፍለው ቀብድ ነው ብዬ አምናለሁ። ብድርም ሽልማትም ከዚያ በኋላ ቢመጡ ይሻላል። ልብ በሉልኝ፣ ገንዘብ አትስጡ አላልኩም። አሰጣጡ ይስተካከል ነው የምለው።

በተቀመጥኩበት ዳኝነት የነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ "የሐሳቡ አዲስነት"፣ "አቀራረብ"፣ "በራስ መተማመን" የሚሉ ሳጥኖች ነበሩ። "እስካሁን ማን ገዛህ?" የሚል ሳጥን ግን አልነበረም። በዚህ ሚዛን የሚያሸንፈው ጥሩ የሚናገር ልጅ ነው። መናገርም ሙያ ነው፣ አልክድም። ግን ስላይዱን ታላቅ እህቱ የሠራችለት ልጅና ስላይድ የሚባል ነገር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያየ ልጅ እንዴት እኩል ይሮጣሉ?

አሸናፊው ገንዘቡን በአንዴ ያገኛል። በአንዴ የመጣ ገንዘብ ደግሞ በአንዴ ይወጣል። መጀመሪያ ማሽን ይገዛል። ከዚያ ሎጎ ያሠራል፣ ቀጥሎ ቢዝነስ ካርድ ያሳትማል። ደንበኛ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ማሽኑ ጥግ ይዞ ጨርቅ ለብሶ ሲቀመጥ ማንም መጥቶ ፎቶ አያነሳውም። የሚከፋኝ ደግሞ ልጁ "ንግድ አይሆነኝም" ብሎ ማመኑ ነው። ያልሆነው እኮ አካሄዱ እንጂ ልጁ አይደለም።

ቀብድ የኔ ፈጠራ አይደለም። የዛሬ ስንት ዘመን ታላላቆቹም ተጠቅመውበታል። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በ1784 ቪየና ላይ ላዘጋጃቸው ኮንሰርቶች 174 ሰዎች አስቀድመው ተመዝግበውለት ነበር፤ ስማቸውን ዘርዝሮ ለአባቱ በደብዳቤ ልኮለታል። የነጻነት ሐውልት የሚባለው የኒውዮርኩ ሐውልትም እንዲሁ ነው። ሐውልቱ ከፈረንሳይ ቢመጣም የሚቆምበት መሠረት ግንባታ በገንዘብ እጥረት ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1885 የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑልትዘር "ለሰጠ ሁሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ስሙን ጋዜጣዬ ላይ አወጣለሁ" አለ። ከ160,000 በላይ ሰው አዋጣ፤ ከ100,000 ዶላር በላይም ተገኘ። ከመዋጮው ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ከአንድ ዶላር በታች ነበር። ያ ሁሉ ሰው ስሙን ጋዜጣ ላይ ለማየት ጋዜጣውን መግዛቱን ደግሞ ፑልትዘር ሳያስበው የቀረ አይመስለኝም።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጥመኝ የአፕል አጀማመር ነው። እርግጥ መሥራቾቹ ታዳጊዎች አልነበሩም፤ ስቲቭ ጆብስ 21፣ ስቲቭ ዎዝኒያክ 25 ዓመታቸው ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1976 ነው። ጆብስ መኪናውን፣ ዎዝኒያክ ካልኩሌተሩን ሸጡ፤ ይሄን ሁሉም ሰው ያወራዋል። ብዙም የማይወራው ቀጥሎ የሆነው ነው። አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ባለቤት 50 ኮምፒውተር አዘዛቸው፤ አንዱን በ500 ዶላር፣ ስታስረክቡኝ እከፍላለሁ ብሎ። ልጆቹ ዕቃ መግዣ አልነበራቸውም። ስለዚህ ትዕዛዙን ይዘው ወደ ዕቃ አቅራቢ ሄዱ። አቅራቢው ሱቁ እውነት ማዘዙን ካጣራ በኋላ ዕቃውን በ30 ቀን ዱቤ ለቀቀላቸው። ቀኑ ሳይደርስ ሠርተው አስረከቡ፣ ተከፈላቸው፣ ዱቤውን ዘጉ። እዚህ ውስጥ ሽልማት የለም። የባንክ ብድርም የለም። የነበረው አንድ እውነተኛ ገዢና እሱን አይቶ ያመነ አቅራቢ ነው።

አሁን ወደ አንዲት የማውቃት ልጅ ልምጣ። 16 ዓመቷ ነው። ከጂንስ ቁርጥራጭ የትከሻ ቦርሳ ትሰፋለች። ውድድር ላይ ቀርባ የመጀመሪያውን ዙር አላለፈችም፤ "ሐሳቡ አዲስ አይደለም" ተባለች። እውነት ነው፣ ቦርሳ አዲስ ነገር አይደለም። ዳቦም አዲስ ነገር አይደለም፣ ግን ይሸጣል።

የመጀመሪያውን ናሙና ከራሷ አሮጌ ሱሪ ሠራች። ያንን አንድ ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ትዕዛዝ መሰብሰብ ጀመረች። ደብተሯን አሳይታኛለች። አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የገበሩ ቀለም፣ የከፈለው፣ የማስረክብበት ቀን። የተከፈለው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀሪው በእርሳስ ነው የተጻፈው። ቀሪው ሲከፈል እርሳሱን አጥፍታ በሰማያዊ ትጽፈዋለች። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚያመጡልኝ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በቀላሉ አላገኝም።

የልብስ ስፌት ማሽን የላትም። አንድ ልብስ ሰፊ አመሻሽ ላይ ሥራውን ሲጨርስ ማሽኑን ይለቅላታል። እሷ ደግሞ የሱን ሥራዎች ፎቶ እያነሳች ገጹ ላይ ትለጥፋለች፣ ለደንበኞቹ መልእክት ትመልሳለች። ለማሽኑ በመካከላቸው ገንዘብ አይዞርም። ቁርጥራጩን መጀመሪያ በነጻ ሰጣት። ሥራው እንደደራ ሲያይ ግን ዋጋ ጠየቀ፤ ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም። ተደራድራ ስትሸጥ እንድትከፍለው ተስማሙ። ይሄን ሁሉ ማንም አላስተማራትም። ሥልጠና ብትገባ ኖሮ "የፋይናንስ ምንጮች" በሚል ርዕስ ስላይድ ታይ ነበር።

የቀብዱን ስሌት በደንብ እንየው፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። የአንድ ቦርሳ የጥሬ ዕቃ ወጪ፣ ማለትም ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑና ገበሩ፣ ከመሸጫ ዋጋው 40 በመቶ ነው እንበል። ደንበኛው 50 በመቶ ቀብድ ከከፈለ ዕቃው በደንበኛው ገንዘብ ይገዛል፣ 10 በመቶም ይተርፋል። ስታስረክብ ቀሪው 50 ይገባል። ልጅቷ ከኪሷ ያወጣችው ምንም የለም። ነገሩ የሚበላሸው የዕቃው ወጪ ከቀብዱ ሲበልጥ ነው። ወጪው ከዋጋው 70 በመቶ የሆነ ነገር ለመሸጥ ያሰበ ልጅ በግማሽ ቀብድ አይወጣውም፤ በየትዕዛዙ 20 በመቶ ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ያኔ ወይ ዋጋውን ያስተካክል፣ ወይ ዕቃ በዱቤ ይፈልግ፣ ወይ ሌላ ሥራ ያስብ። ይህን አንድ ስሌት በአምስት ደቂቃ ሠርቶ የሚያሳይ ልጅ ለእኔ አሸናፊ ነው።

ቀብድ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው "ዋው፣ ያምራል" ሲል ምንም አያወጣም። ግማሹን አሁን ክፈል ሲባል ግን እውነቱ ይወጣል። "ያምራል" ካሉት ውስጥ የሚከፍለው ጥቂቱ ነው፤ ልጁም ይሄን ማሽን ከመግዛቱ በፊት ቢያውቀው ይሻላል።

አደጋውን ልደብቅ አልፈልግም። ቀብድ የሰው ገንዘብ ነው። ዕቃው እስኪደርስ ድረስ የልጁ አይደለም። በኢንተርኔት ገንዘብ በሚሰበሰብበት በኪክስታርተር ላይ ኢታን ሞሊክ የተባሉ የዋርተን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ምሁር ጥናት አድርገው ነበር። የፈለጉት ገንዘብ ከሞላላቸው ፕሮጀክቶች 9 በመቶ የሚሆኑት ቃል የገቡትን ዕቃ ጨርሶ አላስረከቡም። ቀደም ባለው ሌላ ጥናታቸው ደግሞ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ካሉት ቀን ዘግይተው ነው ያስረከቡት። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ለታዳጊ ሲሆን ልጓም ያስፈልጋል። ያቺ ልጅ በሳምንት ልትሰፋ ከምትችለው በላይ ትዕዛዝ አትቀበልም። ከየቀብዱም ጥቂት ለክፉ ቀን ብላ ለይታ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ የገዛችው ዚፕ ብልሹ ሆኖ የተወሰኑ ቦርሳዎች ተመለሱባት። ባስቀመጠችው ገንዘብ ዚፑን ቀይራ መለሰች። ደንበኞቹም አልራቋትም።

ስለ ኢንተርኔት መዋጮ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ኪክስታርተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው። ልጆች ሲሰሙት በጣም ይወዱታል። ግን ፕሮጀክት ለመክፈት 18 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ግቡ ካልሞላ ምንም አይሰጥም፤ ከሞላም ድርጅቱ 5 በመቶ ይወስዳል፣ የክፍያ ማስተላለፊያውም ለብቻው ይታሰባል። ወላጅ በስሙ ሊከፍትለት ይችላል። ያኔ ግን ተጠያቂው ወላጁ እንደሆነ ሁለቱም ይወቁት። ደግሞ ከውጭ እንደሚመስለው የማያውቁት ሰዎች እየተንጋጉ አይከፍሉም። የመጀመሪያው ገንዘብ የሚመጣው ከሚያውቁት ሰው ነው፤ የማያውቀው የሚከተለው ሌላ ሰው ሲገባ ካየ በኋላ ነው። ለአንድ ጎረምሳ የመጀመሪያ ሥራ ደብተርና ስልክ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ባንኮች ለምን እንደሚፈሩ ይገባኛል። በአብዛኛው አገር ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የፈረመው ውል ሊፈርስ ይችላል። አበዳሪ ሊያስገድደው የማይችለውን ፊርማ ለምን ይቀበላል? ሕጉም ልጁን ከብልጦች ለመጠበቅ የወጣ ነው። መንገዱ የአሳዳጊ ፊርማ ነው። ለሥራው ብቻ የተለየ ሒሳብ ይከፈት፣ በአሳዳጊው ስምም ቢሆን፤ መግለጫውን ግን ልጁ በየወሩ ይየው። የቤት ወጪና የሥራ ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ ከገቡ መዝገብ የሚባል ነገር የለም።

ወላጆች፣ ግልባጩን የላክሁላችሁ ለዚህ ነው። ልጃችሁን በገንዘብ መርዳት ከፈለጋችሁ አደራረጉ ብዙ ነው። የኢኬያ መሥራች ኢንግቫር ካምፕራድ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1943 በ17 ዓመቱ ሲጀምር መነሻው በትምህርት ስለበረታ አባቱ የሰጡት ገንዘብ ነበር። የሰብዌይ ሳንድዊች ቤቶች መሥራች ፍሬድ ዴሉካም እ.ኤ.አ. በ1965 ዕድሜው 17 ዓመት ነበር። የዩኒቨርሲቲ መክፈያ ፍለጋ የቤተሰብ ወዳጅ የሆነውን የፊዚክስ ባለሙያ ፒተር ባክን አማከረው። ባክ 1,000 ዶላር ሰጠው፤ አብሮትም ሸሪክ ሆነ። ትርፉም ኪሳራውም የጋራ ሆነ ማለት ነው። እኔ ከደረቅ ብድር ይሄ ይሻለኛል።

የቦርሳዋ ልጅ አጎትም ገንዘብ ላግዝሽ ብሏት ነበር። እሷ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፈች። ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ቦርሳ 5 በመቶ ለአጎቷ ይገባል፤ የሰጠው ገንዘብ ከሩብ ጭማሪ ጋር ተከፍሎ ሲያልቅ ውሉ ያበቃል። ካልተሸጠ ምንም አይከፈልም። የዚህን ብልሃት ልብ በሉ። ፈተና በሚደርስበት ወር መስፋት ታቆማለች፣ ክፍያውም አብሮ ይቆማል። በየወሩ ቁርጥ ክፍያ ያለበት ብድር ቢሆን ኖሮ ያኔ ወይ ትምህርቷን ወይ ቃሏን ትበላ ነበር። አጎትየው መጀመሪያ "ከእኔ ጋር ወረቀት?" ብሎ ቅር አለው አሉ። አሁን ግን ስንት ተሸጠ እያለ የሚደውለው እሱ ነው።

እንግዲህ ለእናንተ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ትልቁን ቼክ በትኑት። ልጁ ቀብድ የከፈሉ ገዢዎችን ዝርዝር ይዞ ይምጣ። የቤተሰብ ግዢ አይቆጠርም። እናንተ ከዝርዝሩ ጥቂቱን በዘፈቀደ መርጣችሁ ደውሉና "እውነት ከፍለዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ በሰበሰበው ልክ እኩል ጨምሩለት፤ ጣራ ይኑረው። ግማሹን ወዲያው፣ ግማሹን ካስረከበ በኋላ። ለአንድ ልጅ ይሰጥ የነበረው ገንዘብ እንዲህ ከሆነ ለብዙ ልጆች ይዳረሳል። ማንም ንግግር ስላልቻለ ባዶ እጁን አይመለስም።

"ያጭበረብራሉ፤ ወላጅ በሰው ስም ይገዛል" ትሉ ይሆናል። አይጠፋም። ግን ሁለተኛው ግማሽ የሚለቀቀው ርክክቡ ተረጋግጦ ስለሆነ ያ ወላጅ ብዙ አሮጌ ቦርሳ ቤቱ ይከምራል። ካርቶን ቼክ ላይም ቢሆን ስላይዱን ማን እንደሠራው ጠይቃችሁ አታውቁም።

ልጆቹ በቡድን ሆነው እንዲሠሩ የሚመርጥ ካለ ደግሞ ጁኒየር አቺቭመንት የተባለው ወጣቶችን ንግድ የሚያስተምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያደረገውን ማየት ይቻላል። ተማሪዎች ትንሽ ኩባንያ ያቋቁማሉ። አክሲዮኑን በትንሽ ዋጋ ለጎረቤት ይሸጣሉ። ያመርታሉ፣ ይሸጣሉ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ ዘግተው ትርፉን ለባለአክሲዮኖቹ ያካፍላሉ። እኔን ደስ የሚለኝ መዝጋቱ ነው። ልጅ ንግድ መክፈትን ብቻ ሳይሆን በሥርዓት መዝጋትንም ይማራል፤ ሳይከስርና ሳይጣላ።

አንድ ነገር ግን በእናንተ እጅ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይፈልግም። እባካችሁ ልጆቹን መድረክ ላይ ችግራቸውን አታናግሯቸው። "አባትህ ምን ሆነው ነው የሞቱት?" የሚል ጥያቄ ከዳኛ ወንበር ሲወጣ ሰምቻለሁ። ልጁ ሊሸጥ የመጣው ሳሙና ነበር። ሳሙናውን ግን የጠየቀው የለም። በሐዘኔታ የተገኘ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሳሙናው ጥሩ ከሆነ ግን ገዢው በወሩ ይመለሳል።

ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ገዢ ናችሁ እኮ። በየዝግጅቱ ለእንግዳ የምታድሉት ቦርሳ፣ የአንገት ማንጠልጠያ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ቲሸርት አለ። ስለ ታዳጊ ሥራ ፈጣሪዎች ለምታዘጋጁት ጉባኤ ዕቃው የሚመጣው ግን ከትልቅ አስመጪ ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ለልጆቹ እዘዙ። አቅማቸውን የሚመጥን መጠን ይሁን፣ ጊዜም ስጧቸው። ጥራቱ ካልሆነ መልሱ፤ በትህትና ግን በግልጽ ንገሯቸው። ከሁሉ በላይ ቶሎ ክፈሉ። "ሒሳብ ክፍል ገብቷል፣ ፊርማ ላይ ነው" የሚባለውን ጨዋታ አውቀዋለሁ፤ ኑሮዬ ነው። ትልቅ ድርጅት 60 ቀን ቢጠብቅ ይችለዋል። ማሽን በተውሶ ለምትሰፋ ልጅ ግን 60 ቀን ማለት ሥራውን መተው ነው።

ስለዚህ መልሳችሁን የምጠብቀው በአጭሩ ነው። ለሚቀጥለው ዝግጅታችሁ ስንት ቦርሳ ያስፈልጋችኋል? ብዛቱን፣ የገበሩን ቀለምና የምትረከቡበትን ቀን ጻፉልኝ። ለልጅቷ አደርሳለሁ። በሳምንት ከምትችለው በላይ ከሆነ "አልችልም" እንደምትላችሁ ግን ከወዲሁ እወቁት። ከቻለች ደግሞ ግማሹን በቅድሚያ ትጠይቃችኋለች።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ